ጠንቋዮች በሰው አካል አድረው የሚበቀሉበትን አስፈሪ ፊልም በአነስተኛ በጀት ለመሥራት

በቂ ገንዘብ ሳይኖረው አስፈሪ ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ የሞቱ ጠንቋዮች በሕያዋን አካል አድረው የሚበቀሉበትን ታሪክ ቢመርጥ ከብዙ ወጪ ይድናል። ጭራቅ የሚታይበት ፊልም ሰው ሠራሽ አካልና የኮምፒውተር ምስል ይፈልጋል፤ በልክፍት ታሪክ ግን ክፉው መንፈስ የሚታየው በአንዲት ተዋናይ ዓይን፣ አንገት፣ እጅና ድምፅ ነው። ስለዚህ ከካሜራው፣ ከጭሱና ከሰው ሠራሹ ደም በፊት በጀቱም ጊዜውም ለእርሷ ሊመደብ ይገባል። ውድ ካሜራ ተከራይተው ለልምምድ አንድ ቀን እንኳ ያልመደቡ ሰዎች ከሠሩት ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚያስፈራው ፖስተሩ ብቻ ነው።

በፊልሙ ጽሑፍ ላይ አስቀድሞ የሚወሰነው ቂሙ ነው። ማን ማንን በደለ፣ በደሉ እንዴት ተፈጸመ፣ ዕዳውን የሚከፍለው የማን ዘር ነው፣ በቀሉስ ለምን ዛሬ ተጀመረ የሚሉት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር የማይመለሱ ከሆነ፣ ፊልሙ እርስ በርስ የማይያያዙ የጩኸት ትዕይንቶች ክምችት ይሆናል። ቂሙ በእውነተኛ ታሪክ ላይ እንዲመሠረት ከተፈለገ ደግሞ ታሪኩን በትክክል ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1692፣ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ፣ በሴለም በተካሄደው የጥንቆላ ችሎት 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ለክሱ መልስ አልሰጥም ያለ አንድ አዛውንት ደግሞ ከባድ ድንጋይ እየተጫነበት ሞቷል፤ በእሳት የተቃጠለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ ሕግ ጠንቋይን ይቀጣ የነበረው በስቅላት ስለሆነ፣ የእሳት ቅጣት ማሳየት የፈለገ ጸሐፊ ታሪኩን ወደ ጀርመን ግዛቶች ወይም ወደ ስኮትላንድ መውሰድ ይኖርበታል።

ከዚሁ ችሎት ለልክፍት ታሪክ የሚሆን ሌላም ነገር ይገኛል። ከሳሾቹ የተከሳሿ መንፈስ መጥታ አነቀችን፣ ወጋችን ሲሉ ቃላቸው በማስረጃነት ይያዝ ነበር፤ ጥፋቱን አምነው በቃላቸው የጸኑት ተከሳሾች ከስቅላት ሲተርፉ፣ ወደ ገመዱ የተወሰዱት በአብዛኛው አላደረግነውም ያሉት ናቸው። እንግዲህ በመንፈስ ሰው አሠቃይተሻል ተብላ በሐሰት የተሰቀለች ሴት፣ ከሞተች በኋላ ያንኑ የተከሰሰችበትን ድርጊት በመስካሪዎቿ ዘሮች ላይ ብትፈጽም በቀሉ ከበደሉ ጋር ልክ ይገጥማል። ነፍሱን ለማዳን ጎረቤቱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ዘርም ከሚፈለጉት መካከል ቢሆን፣ ተመልካቹ ማን ይዳን፣ ማን ይቀጣ ለማለት ይቸገራል፤ ይህ መቸገር በጨለማ ድንገት ከሚዘል ድመት የበለጠ ሰውን ወንበሩ ላይ አጣብቆ ያቆያል።

ቂሙ ከተወሰነ በኋላ የልክፍቱን ሕግ በአንድ ገጽ መጻፍ ይገባል፦ መንፈሱ በምን ይገባል፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዴት ይተላለፋል፣ ምን ያቆመዋል፣ ምንስ ማድረግ አይችልም። ገጹ የሚጻፈው ለሠራተኞቹ እንጂ ለተመልካቹ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ አቧራ ከለበሰ መጽሐፍ ሕጉን ሁሉ የሚያነብበት ትዕይንት ካለ ያለ ርኅራኄ መውጣት አለበት። ጠንቋዮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው መለያ ያስፈልጋቸዋል። አንደኛዋ እጇ በገመድ ታስሮ ስለሞተች በማንም አካል ብታድር የግራ አንጓዋን በቀኝ አውራ ጣቷ ታሻለች እንበል፤ ሌላኛዋ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን አታርገበግብም። እነዚህ ምልክቶች ጠንቋዮቹ በሕይወት ሳሉ በሚታዩበት አጭር የመክፈቻ ትዕይንት በግልጽ ከተቀመጡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ዝምተኛ አባት ከቤተሰቡ ጋር ራት ቀርቦ ሳለ ቀስ ብሎ አንጓውን ማሸት ሲጀምር፣ ያለ ሙዚቃና ያለ ሜካፕ በውስጡ ማን እንዳለች ሁሉም ያውቃል።

የጽሑፉ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ስለሚሆን ከ80 እስከ 90 ገጽ፣ አንድ ቤትና አምስት ያህል ተዋንያን ይበቃሉ። የጥንቱ ዘመን ልብስና ቤት ውድ ስለሆነ፣ የመክፈቻው ትዕይንት በእጆች፣ በገመድ፣ በፊቶችና ከምስሉ ውጪ በሚሰማ የሕዝብ ድምፅ ቢሠራ አደባባይ መገንባት አያስፈልግም።

ወደ ተዋናይዋ ስንመለስ፣ ልክፍት በጩኸት መጀመር የለበትም። የመጀመሪያው ደረጃ እርጋታ ነው፦ ሰው ሳያውቀው የሚያደርጋቸው ትንንሽ እንቅስቃሴዎች፣ ፀጉር መንካትም ሆነ ክብደትን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ በድንገት ይቆማሉ። ቀጥሎ የሰውነት ቅደም ተከተል ይዛባል። በተለመደው ሁኔታ ሰው ሲጠራ አስቀድሞ ዓይኑ፣ ከዚያም ራሱ ይዞራል፤ ተዋናይዋ ራሷን አዙራ ዓይኗን ባለበት ብታቆየውና ከአፍታ በኋላ ብታስከትለው፣ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ሳይችል ይጨንቀዋል። አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ መናገርም እንዲሁ ይሠራል፤ ጉሮሮን ስለሚያደርቅ ግን ከአጭር ዓረፍተ ነገር ማለፍ የለበትም። ንግግር የሌለበት ትዕይንት ከሆነ፣ ተዋናይዋ ወደ ኋላ እንድትራመድ አድርጎ መቅረጽና በቅንብር (ኤዲቲንግ) ጊዜ ምስሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማጫወት ይቻላል፤ እግሯ መሬቱን የሚረግጥበት መንገድና የቀሚሷ ጫፍ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ከተፈጥሮ ውጪ ይሆናሉ።

ካሜራውም በዚህ ሊያግዝ ይችላል። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀረጽ የተለመደው የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ አንድ አርባ ስምንተኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ነው፤ በልክፍቱ ትዕይንት ወደ አንድ መቶኛ ወይም ከዚያ በላይ ቢፈጥን እንቅስቃሴው የተቆራረጠና ሹል ይሆናል። የአንዳንድ አምፖል ብርሃን ከሹተሩ ጋር ስለማይስማማ ምስሉ እንዳይርገበገብ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ነጭ ወይም ጥቁር የሚያደርጉ የዓይን ሌንሶችን በተመለከተ፣ በዓይን ሐኪም ሳይለኩ ማድረግም ሆነ ሁለት ተዋንያን መዋዋስ ፈጽሞ አይገባም። ነፃ አማራጭም አለ፦ በዓይኗ ብሌን ላይ የሚያንጸባርቀውን የብርሃን ነጥብ፣ መብራቱን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ በማንሣት ማጥፋት። ያ ነጥብ ሲጠፋ ዓይኑ የሞተ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ሌንስ ይበልጣል።

ጨለማ ያለ መብራት አይቀረጽም። ርካሽ ካሜራ በጨለማ ውስጥ ምስሉን በነጠብጣብ ስለሚሞላው፣ ትዕይንቱን ከሚፈለገው ትንሽ አብርቶ ቀርጾ በቅንብር ማጨለም ይሻላል። ከመስኮት ውጪ 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ አንድ መብራት ተተክሎ ካሜራው ለ3200 ኬልቪን ቢስተካከል ክፍሉ በሰማያዊ የጨረቃ ብርሃን ይሞላል። የጥንቆላ ትዕይንት ሻማ ይወዳል፤ ነገር ግን ረጅም ቀሚስ፣ የተበተነ ፀጉርና መጋረጃ ባለበት ክፍል ውስጥ በኤልኢዲ (እሳት በሌለው የኤሌክትሪክ) ሻማ መጠቀም፣ አንድ እውነተኛ ሻማ ካስፈለገም ከቅርብ ለሚቀረጽ ምስል ብቻ አብርቶ የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው አጠገቡ ማቆም ግድ ነው።

ደሙ ቀላል ነው፦ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ጠብታ ሰማያዊና ጥቂት የካካዎ ዱቄት። ወደ አፍ የማይገባ ከሆነ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ቢጨመርበት ከልብስ በቀላሉ ይለቃል፤ ያም ሆኖ የሚደማው ቀሚስ ቢያንስ በሦስት ቅጂ መዘጋጀት አለበት።

ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው በድምፅ ላይ መቆጠብ የለበትም። ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት (በመቅጃው ላይ በሚመረጡ የድምፅ ጥራት ልኮች) መቅዳት፣ ማይክሮፎኑን ከምስሉ ጠርዝ ውጪ በተቻለ መጠን ወደ አፍ ማስጠጋት፣ በየክፍሉም ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሴኮንድ መቅረጽ ያስፈልጋል። ለተለከፈው ሰው ድምፅ ብዙዎች ድምፁን ዝቅ አድርገው ማጎርነን ብቻ ይመርጣሉ፤ ይህ ግን ተደጋግሞ የታየ ነው። ከዚያ ይልቅ ጠንቋይዋን በመክፈቻው የሠራችው ተዋናይ ያንኑ ንግግር በሹክሹክታ ደግማ ትቅዳውና ከተለከፈው ሰው ድምፅ ሥር፣ በሁለት ወይም በሦስት ፍሬም ዘግይቶ ይደረብ። በመጀመሪያው ልክፍት በጭንቅ የሚሰማ ይሁን፤ በየትዕይንቱ ከፍ እያለ ሄዶ በመጨረሻው ላይ የእርሷ ድምፅ ብቻ ይቅር።

ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል ስለማይቀረጽ፣ ለእያንዳንዱ ትዕይንት የልክፍቱን ደረጃ ከዜሮ እስከ አምስት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ ተዋናይዋ፣ ሜካፕ ባለሙያዋና የድምፅ ባለሙያው እጅ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ጠዋት በደረጃ አራት የተቀረጸው ፊት ከሰዓት በኋላ በደረጃ ሁለት ከሚሠራው ጋር ይደባለቃል። ጩኸትና ደም ያለባቸው ትዕይንቶች በቀኑ መጨረሻ ላይ ቢመደቡ ጉሮሮም ልብስም ይተርፋል። የመጀመሪያው ቅንብር ሲያልቅ ታሪኩን ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች ማሳየትና፣ ወደዳችሁት ወይ ከማለት ይልቅ፣ በዚህ ትዕይንት በውስጡ የነበረችው የትኛዋ ናት፣ የምትፈልገውስ ማንን ነው ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። መልሱ ከተለያየ የሚስተካከለው ያ ትዕይንት ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ምልክቱ በቅጡ ያልታየበት የመክፈቻው ትዕይንት ነው፤ ስለዚህ ገመዱንና እጆቹን ብቻ ደግሞ ለመቅረጽ የሚሆን አንድ ቀን ከመነሻው በበጀቱ ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል።