ህልም ውስጥ ሆናችሁ «ይሄ ህልም ነው» ማለት ለምትፈልጉ

ህልም መሆኑን አውቆ ማለም በልምምድ ይመጣል። ደማቁና ረጅሙ ህልም የሚታየው ወደ ንጋት ስለሆነ ግን አምሽቶ ለሚተኛ ሰው ይከብዳል።

ባሕር ዳር ማንቂያ ደወል መሙላት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያን ወይም የአዛን ድምፅ ሲቀሰቅሳችሁ አትነጫነጩ። ስልክ ሳትነኩ ያያችሁትን ህልም ደብተር ላይ ጫር ጫር አድርጉ። ከዚያ «ቀጥሎ ሳልም፣ ህልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያላችሁ ተመልሳችሁ ተኙ። ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቴፈን ላበርዥ ነው።

ቀን ላይ ደግሞ፣ ልማዱ ህልም ውስጥም እንዲከተላችሁ፣ የባጃጅ ታርጋ አንብቡ፣ ዞር በሉ፣ ደግማችሁ አንብቡ። በህልም ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አይረጋም፤ ቁጥሩ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። አፍንጫን ይዞ ለመተንፈስ መሞከርም ይሠራል፤ አየር ከገባ ህልም ነው። (ይሄኛውን ሰው በሌለበት!)

ከባዱ ህልሙ ውስጥ መቆየቱ ነው። ብዙ ሰው «አወቅኩ!» ብሎ በደስታ ይነቃል። ራሳችሁን ጣና መሃል ታንኳ ላይ ካገኛችሁ ለመብረር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ተረጋጉ። እጃችሁን አፋትጉ፣ የታንኳውን ደንገል ዳስሱ፣ ውሃውን ንኩ። መደብዘዝ ሲጀምርም እንደዚሁ አድርጉ። በሚዳሰስ ነገር ላይ ማተኮር ህልሙን ያቆየዋል።

የሌሊቱን ልምምድ ግን በየቀኑ አታድርጉት፤ በማግስቱ ፈተና ወይም መንዳት ካለ ጭራሽ ተዉት።