አንዴ የሚሠራ አንዴ የሚተው ዲናሞ እንዴት ይያዛል?

ዲናሞው፣ ማለት ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ፣ ጨርሶ ከሞተ ነገሩ ቀላል ነው። ይፈታል፣ ይሠራል፣ አለቀ። ሰው የሚያቃጥለው ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ቀዩ የባትሪ መብራት ቦግ ብሎ፣ ሐረር ጋራዥ ስትገቡ ጭጭ የሚለው ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ይለካል፣ 14 ቮልት ያያል፣ "አቦ፣ ጤነኛ ናት፤ ንዱ" ይላችኋል። አልዋሸም። በዛች ሰዓት ጤነኛ ናት።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ችግሩ ሲመጣ መለካት ነው። ከዚያ በፊት ባትሪም ዲናሞም አትግዙ። ባትሪ ቀይሮ በወሩ እንደገና እየተገፋ የሚነሳ ሰው ድሬ ውስጥ ሞልቷል።

ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የምትገዙት ርካሹ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይበቃል። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ቮልት ማሳያ ለማስጠንቀቂያ ጥሩ ነው፣ ለምርመራ ግን አትመኑት። ቮልቱን የሚያነበው በመኪናው ቀጭን መስመር በኩል ስለሆነ መንገድ ላይ የጠፋውን ሁሉ ቀንሶ ነው።

መጀመሪያ ግልጽ ግልጹን ጨርሱ። ቺንጋውን በሁለቱ ፑሊ መሃል በአውራ ጣት ተጫኑት፤ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢረግብ ደህና ነው፣ ከዚያ ካለፈ አጥብቁት። የባትሪውን ተርሚናሎች ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት እሹ። ስትፈቱ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ መጨረሻ ይሁን። ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል።

ቀጥሎ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ቀዩ የባትሪ መብራት ቦግ ማለት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አይበራም፣ ጎሽ!" ብሎ ያልፋል። ብዙ የቆዩ መኪኖች ላይ ግን ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው በዚያች አምፖል በኩል የምታልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነች። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ነዳጅ በደንብ እስክትሰጡት ድረስ ላይቻርጅ ይችላል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ እናንተም ግራ ትጋባላችሁ።

አሁን ሞተሩን አስነሱና ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ ከሚሠራበት ፍጥነት) ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። በድሬ ቀትር፣ ሞተሩ ግሎ 13.5 ብታዩ አትደንግጡ፤ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ሲግል ቮልቱን ዝቅ እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከ15 ካለፈ ግን ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

ዋናው ሥራ እዚህ ይጀምራል። ሞተሩን አጥፉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና አራት ረጃጅም ቀጫጭን ሽቦዎች እሰሩ፦ አንዱን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ አንዱን ዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ሽቦ ከሚታሰርበት ቡሎን፣ አንዱን ከራሱ ከዲናሞው ቦዲ፣ አንዱን ከባትሪው ኔጌቲቭ። በሁለቱ ፖዘቲቭ ሽቦዎች መነሻ ላይ ትንሽ ፊውዝ አስገቡ። ይሄን አትዝለሉ። ያ ቡሎን ሞተር ጠፍቶም በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ነው። ሽቦዎቹን ከቺንጋውና ከጭስ ማውጫው አርቃችሁ በመስኮት ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ጫፋቸው ላይ ስማቸውን በፕላስተር ጻፉ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሱ።

ከዚያ ውጡ። ደንገጎ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ከ2,000 በላይ ስትወጡ ሞተሩ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እናንተም መብራቱንና ማራገቢያውን ትከፍታላችሁ። ቴስተሩን የሚያየው ጎን የተቀመጠው ሰው ነው። ሾፌሩ አይደለም።

ቀዩ መብራት ሲመጣ ሦስት ነገር በፍጥነት ለኩ፤ የቴስተሩ አንድ ጫፍ ሁሌም የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ይሁን። ቡሎኑ ከ14 በላይ፣ ባትሪው ግን 12.3 እና እየወረደ ከሆነ ዲናሞው ንጹህ ነው። በመሃል ያለው ወፍራም ሽቦ፣ የጫፉ ቀለበት ወይም ዋናው ፊውዝ ነው የሚከዳችሁ። በደህናው ጊዜ መብራት ተከፍቶ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት ማለፍ የለበትም። ቀጥሎ ከዲናሞው ቦዲ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 0.3 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ማሳው (የኔጌቲቩ መመለሻ መስመር) ነው፤ ሞተሩን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ፈታችሁ አጽዱ። ባትሪውም ቡሎኑም አብረው ወርደው ማሳው ደህና ከሆነ ግን ጥፋቱ ዲናሞው ውስጥ ነው ወይም ጀርባው ላይ ያለችው ትንሿ ሶኬት ነች።

ዲናሞውን ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬቷን ፈትሹ። በሙቀት ብዛት የፕላስቲክ መያዣዋ ስለሚሰበር ቁጭ ያለች መስላ በንቅናቄ ትለቃለች። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ እጅና እጅጌያችሁን ከቺንጋው አርቃችሁ ነቅነቅ አድርጓት፤ ቮልቱ ከዘለለ አገኛችሁት። እንደ ፔጆ 404 ያሉ የድሮ መኪኖች ላይ ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ውጭ ለብቻው ተሰቅሎ ስለምታገኙት የሱንም ሽቦዎች ነካኩ።

ሶኬቷ ደህና ከሆነች፣ ችግሩ ባለበት ሰዓት የዲናሞውን ጀርባ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ወዲያው መቻረጅ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ፣ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ፣ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ካርቦን 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ስፕሪንጉ በደንብ ስለማይገፋው በንቅናቄ እየዘለለ ይነካል፣ ይለቃል። ካርቦን ርካሽ ነው። ሙሉ ዲናሞ ካልሸጥኩላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

አንድ ነገር ግን እምቢ በሉ። ሞተር እየሠራ የባትሪ ተርሚናል ነቅሎ "ካልጠፋች ዲናሞው ጤነኛ ነው" የሚል ፍተሻ እዚህም እዚያም አለ። ባትሪው ድንገት ሲለቅ ቮልቱ ተስፈንጥሮ ሬጉሌተሩን ወይም ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዲዮድ ሊያቃጥል ይችላል። ጤነኛ የነበረው ዲናሞ በፍተሻው ሊሞት ይችላል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የወረደውን ባትሪ ገጥማችሁ ወዲያው ረጅም መንገድ አትውጡ። መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላ፣ አለበለዚያ ዲናሞው በመጀመሪያው ቀን በሙሉ አቅሙ እየሠራ ይግላል።