የግብር ዕዳ ደብዳቤ ሲደርስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርስ ብዙ ነጋዴ ዓይኑን የሚጥለው የገንዘቡ ልክ ላይ ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ ነው። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ የከረመበት ጊዜም ይቆጠራል። አድራሻ ቀይረው ያላሳወቁ ደግሞ የባሰ ይገጥማቸዋል፤ ደብዳቤው ወደሚታወቀው የመጨረሻ አድራሻ ይሄድና ባለቤቱ ነገሩን የሚሰማው የባንክ ሒሳቡ ሲታገድ ነው። የከተማ አስተዳደርና የክልል ግብር ከፋዮች የሚመሩት በየራሳቸው አዋጅ ስለሆነ የጊዜ ገደቡን እዚያው ያረጋግጡ።

ሰውን በብዛት ሲጎዳ የማየው ግን በቃል መከራከር ነው። ነጋዴው መጀመሪያ ኦዲተሩን ያነጋግራል፤ ኦዲተሩ ወደ ቡድን መሪው፣ ቡድን መሪው ወደ ኃላፊው ይመራዋል። ሁሉም በትሕትና «እናየዋለን» ይሉታል። እሱም ጉዳዩ የተያዘለት ይመስለዋል። ሦስት ሳምንት በዚህ መመላለስ ያልቅና ውሳኔው ወደ ዕዳ ክትትል ክፍል ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ሠራተኛ ሥራው ማስከፈል እንጂ ሒሳቡን እንደገና መመርመር አይደለም። ስለዚህ ከባለሙያዎቹ ጋር መነጋገሩ ባይከፋም ቅሬታው በጽሑፍ ገብቶ፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን የሰፈረበት ቅጂ እጅ ላይ ሊኖር ይገባል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው የ21 ቀኑ ገደብ ሳያልፍ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ ይህም በጽሑፍ ነው።

«ግብሩ በዝቶብኛል» ብሎ መጻፍም ቅሬታ አይባልም። የትኛው ወጪ ያለ አግባብ ውድቅ እንደተደረገ፣ የትኛው ሽያጭ ሁለቴ እንደተቆጠረ፣ ሒሳቡ ታርሞ ስንት መሆን እንዳለበት ከነማስረጃው መዘርዘር አለበት። የኑሮ ውድነትን ለመግለጽ ሁለት ገጽ የሚፈጁ አመልካቾች አሉ፤ አንብቦ የሚያዝን ይኖር ይሆናል፣ በዚያ ብቻ ግን ቁጥሩ አይለወጥም።

ሌላው ስህተት ሁሉንም በጅምላ መካድ ነው። በተሻሻለ የግብር ውሳኔ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የተሰላውን ግብር አርሞ በሰጠው ውሳኔ፣ 400,000 ብር ተጠየቁ እንበል፤ ከዚህ 100,000 ብሩን ያምኑበታል። ያመኑበትን ካልከፈሉ በቀረው ላይ ያቀረቡት ቅሬታ ራሱ ተቀባይነት ያጣል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ በ30 ቀናት ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል፤ እዚያ ግን ክርክር ካለበት ታክስ 50 በመቶው፣ በምሳሌያችን 150,000 ብር፣ አስቀድሞ መከፈል አለበት። ከኮሚሽኑ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲኬድ ድርሻው 75 በመቶ ይደርሳል። ወለድና ቅጣት በዚህ ስሌት አይገቡም። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ይግባኝ ሊያስገቡ በሄዱበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡን ከየት ያመጡታል? መሥሪያ ቤቱ በ180 ቀናት ውስጥ ለቅሬታው መልስ ካልሰጠም ዝም ብሎ መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ ይግባኝ ማቅረብ ይቻላል።

ሙሉውን እስካገኝ ልጠብቅ ማለትም ያከስራል። ዘግይቶ የመክፈል ቅጣቱ ለመጀመሪያው ወር ካልተከፈለው ታክስ 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ነው፤ የወር ቁራጭም እንደ ሙሉ ወር ይታሰባል። 200,000 ብር ስድስት ወር ቢዘገይ ቅጣቱ ብቻ 30,000 ብር ይሆናል፤ ወለዱ ለብቻው ነው። ያለዎትን ከፍለው ለቀሪው የክፍያ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ ይጠይቁ። ስምምነት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ኃላፊውን ለማስደሰት የማይችሉትን ወርኃዊ ክፍያ አይቀበሉ፤ አንዱ ክፍያ ሲስተጓጎል ቀሪው ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ ይጠየቃል። ስምምነቱ ወለዱንም አያስቆመውም።

ገንዘብን ወደ ዘመድ ሒሳብ ማዞር ብዙ አያራምድም። መሥሪያ ቤቱ ባንክዎን፣ ተከራይዎን ወይም የዱቤ ደንበኛዎን ለእርስዎ የሚከፍሉትን ለእኔ አምጡ ብሎ ሊያዝ፣ ንብረት ይዞ በሐራጅ ሊሸጥ፣ ከአገር እንዳይወጡም ሊያሳግድ ይችላል። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚም ከዚህ አያድንም፤ ገንዘብዎን ይወስዳል፣ ዕዳው በስምዎ ይቀጥላል፣ ነገሩ ከተደረሰበት የወንጀል ተጠያቂነት ይከተላል።

ከፍለው ሲጨርሱ ደረሰኙን ኪስ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤት መሄድ አይበቃም። የሒሳቡ እገዳ እንዲነሳ የሚያዘው ደብዳቤ ለባንኩ መድረሱን፣ ዕዳው ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ላይ መሰረዙን በአካል ሄደው ያረጋግጡ። ንግድ ፈቃድ ሲያድሱ የዕዳ ማጣሪያ ይጠየቃሉና ያልተሰረዘው ዕዳ የሚወጣው ያኔ ነው።