ቁጥሩን ቀመር ውስጥ አትቅበሩት

ሐዋሳ ውስጥ ለጀማሪዎች ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ቲቸር፣ ሂሳቡ ተበላሸብኝ» አለኝ። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ለምትሸጥ አክስቱ የሠራላት የሂሳብ ማስያ ነው።

አንድ ጥብስ ዓሣ 120 ብር ነበር። በባጃጅ ቤት ድረስ ማድረሻውም እንዳጋጣሚ 120 ነበር። አክስቱ ዓሣውን 150 ስታደርገው፣ ልጁ ኮዱ ውስጥ ያለውን 120 ሁሉ በአንድ ጊዜ በ150 ተካው። ባጃጁም አብሮ ጨመረ። ስህተቱን ያገኘችው ሂሳብ ስትከፍል የተከራከረች ደንበኛ ናት።

ይህን ስንቴ እንዳየሁት! 120 ብቻውን ምን ይናገራል? የዓሣ ነው? የባጃጅ? ከላይ የዓሣ_ዋጋ = 120፣ ማድረሻ = 120 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ድምር = የዓሣ_ዋጋ * ብዛት + ማድረሻ። እንዲህ ዋጋ የሚይዝ ስም ቫሪያብል ይባላል። ጃቫስክሪፕት የቫሪያብል ስም በአማርኛ ፊደል ይቀበላል፤ ለመለማመጃ ተጠቀሙበት።

ታክስ ላይ ደግሞ ይብሳል። 15 በመቶውን ቫት አንድ ቦታ 0.15፣ ሌላ ቦታ 1.15፣ ሦስተኛው ጋ 15/100 ብለው ይጽፉታል። ልቀይር ቢሉ ፈልገው እንኳ አያገኙትም። ቫት = 0.15 አንዴ ይጻፍ፣ ሁሉም ከዚያ ይውሰድ።

የቫቱን ቫሪያብል ስም አስራ_አምስት ማለትም ያው ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ስሙ ውሸታም ይሆናል።

ፕሮግራሙ እየሠራ ለማይለወጥ ቫሪያብል ኮንስት (const)፣ ለሚለወጥ ሌት (let) ከስሙ ፊት ጻፉ።

ቀጣዩ እኔንም ጀማሪ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ያስቀመጠኝ ነው። ድምሩን አስልቼ ከታች ዋጋውን ቀየርኩ፤ ድምሩ ንቅንቅ አላለም። ጃቫስክሪፕት ኤክሴል አይደለም፤ ዋጋ ሲቀየር ድምሩን በራሱ አያድስም። ድምር የሚሰላው መስመሩ ላይ ሲደርስ ባለው ዋጋ ነው። ዋጋው ሲለወጥ እንደገና አስሉት፣ ወይም ስሌቱን ፈንክሽን (በስሙ በጠራችሁት ቁጥር እንደገና የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ አስገቡት።

ከተጠቃሚው በፕሮምፕት (prompt፣ ጥያቄ አቅርቦ መልስ በሚቀበል ሳጥን) የምትቀበሉት ቁጥር ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። 150 እና 30 ሲደመሩ 15030 ይወጣል። ማባዛት ግን በትክክል ስለሚሠራ ችግሩ ቶሎ አይታይም። እንደተቀበላችሁት በነምበር (Number) ወደ ቁጥር ቀይሩት።

ሁሉን ቁጥር ቫሪያብል የሚያደርጉም አሉ። ሳንቲምን ወደ ብር ለመቀየር በ100 ስታካፍሉ ግን 100ው ስለማይቀየር እዚያው ተዉት።