ጓርኒሲዮን ተቀይሮም የሚያፈስ ሞተር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጓርኒሲዮኑ (በሁለት የሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ነው፣ ሲሊኮኑም በደንብ ተቀብቷል፣ ግን ዘይቱ መንጠባጠቡን አላቆመም። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ሌላ ቱቦ ሲሊኮን ይገዛል። እባካችሁ ቆዩ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ለቦታው የማይሆን ማሸጊያ መጠቀም ወይም የሚገጥመውን ፊት በደንብ አለማጽዳት ነው።

ከቫልቭ ከቨር (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ዘይት ይወርዳል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል

የጎማ ጓርኒሲዮን በሙቀት ብዛት ይደርቃል። አውጡትና እጠፉት፤ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ፕላስቲክ ከገረረ አልቆለታል። አዲሱ የሚገጠመው በደረቁ ነው። ዙሪያውን ሲሊኮን ከቀባችሁት ቡሎን ስታጠብቁ ተንሸራቶ ከቦታው ይወጣል። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ሁለት የብረት ክፍሎች የሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ጠብታ ታህል። አዲሱም ቶሎ ካፈሰሰ ፒሲቪ ቫልቩን (ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣውን) ፈትሹ። እሱ ከተደፈነ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል።

ከኮፓው (ከሞተሩ ስር ካለው የዘይት መያዣ) ያፈሳል

የላሜራ ኮፓ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያብጣል፤ ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጣችሁ እዩት፣ ካበጠም በጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ በመዶሻ መልሱት። የቡሽ ጓርኒሲዮን ከሆነ ደግሞ ሲያጠብቁት ይጨመቅና ይቀደዳል።

ኮፓው በሲሊኮን ብቻ የሚታሸግ ከሆነ ሁለቱንም ፊት በብሬክ ማጽጃ አጽዱ፣ ዘይት የነካው ፊት ላይ ሲሊኮን አይይዝም። ከዚያ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ያልተቋረጠ መስመር አውጡ፣ በቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ። ላዩ ሳይደርቅ ግጠሙት። ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ይፈልጋል፤ ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ሲበዛ ምን ይሆናል? ወደ ውጭ የወጣውን ታዩታላችሁ፣ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥም ገብቷል። እሱ ደርቆ ይቆረጥና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ሞተር ያበላሻል። ለዚህ ነው ሲሊኮን ሲትረፈረፍ ሳይ የምከፋው።

ሞተሩ ይሞቃል፣ ውሃ ይጎድላል፣ ነጭ ጭስ አያቋርጥም

የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተር ክፍል) ጓርኒሲዮን ሳይሆን አይቀርም። ከዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ ነጭ አረፋ ካያችሁ ግን አትደንግጡ፣ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት ይመጣል። ለማረጋገጥ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገውን የጋዝ መፈተሻ ፈሳሽ ተጠቀሙ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

አዲስ ተገጥሞ እንደገና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቴስታታው ስለተጣመመ ነው። በቀጥ ማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ለኩት። የሚፈቀደው በየሞተሩ ይለያያል፣ ለብዙዎቹ ግን 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ካለፈ በማሽን ይሞረድ። ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጓርኒሲዮን በጣም ልስልስ ፊት ይፈልጋል። አምራቹ ካላዘዘ በቀር ሲሊኮን አይነካውም። አሮጌውን ቅሪት በሚሽከረከር ሻካራ ዲስክ አትፈግፍጉ፣ ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኖቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ተሸካሚዎች) ይበላል። የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃም ብሎክ (የሞተሩን ዋና አካል) ሊሰነጥቅ ስለሚችል ንፉት። ሲጠብቁ የሚለጠጡ ቡሎኖች ዳግም አይገጠሙም፣ አዲስ ይግቡ፤ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ በደረጃ አጥብቁ።

ሲነሳ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል

የጭስ ማውጫ ማኒፎልዱን (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቱቦ) እዩ፤ ጥቁር ጥላሸት ካለ ጋዝ እያመለጠ ነው። እዚህ ብረት ወይም ግራፋይት ጓርኒሲዮን ይገባል። ለሙቀት የሚሸጠው ቀዩ ሲሊኮን የሚችለው 340 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ማኒፎልዱ ከዚያ በእጅጉ ያልፋል፣ ስለዚህ ተቃጥሎ ይረግፋል።

ነዳጅ በሚያልፍበት ቦታ ሲሊኮኑ አብጦ ተላቀቀ

ተራ ሲሊኮን ቤንዚን አይችልም። ለነዳጅ የተሠራ ጓርኒሲዮን ወይም ማሸጊያ ፈልጉ። ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ) ላለው ሞተርም ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ትታችሁ ለሴንሰር አይጎዳም የሚል የተጻፈበትን ውሰዱ።