አዲስ ሕንፃ ላይ ሱቅ ከመከራየትዎ በፊት ምን ይለኩ?

አዲስ የንግድ ሕንፃ ሲጎበኝ ሁሉም ያምራል። ጉድለቱ ብቅ የሚለው መደርደሪያ ከተሰቀለ በኋላ ስለሆነ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ባልዲ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክና የሚለጠፍ ፕላስተር ይዘው ይግቡ።

መጀመሪያ ካሬውን ይለኩ። ውሉ ላይ ያለው ካሬ የግድግዳውን ውፍረት፣ የኮሪደሩንና የደረጃውን ድርሻ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ውሉ 40 ካሬ ይላል እንበል። ውስጥ ለውስጥ ሲለካ 4.2 በ7.6 ሜትር ከሆነ 31.92 ካሬ ነው፤ መሀል ላይ የቆመው 50 በ50 ሳንቲሜትር ኮለን (ምሰሶ) ሲቀነስ 31.67 ይቀራል። አንድ አምስተኛው ዕቃ የማይቀመጥበት ቦታ ነው ማለት ነው። ይህ የግድ ማጭበርበር አይደለም። ግን ሁለት ሕንፃዎችን ሲያወዳድሩ የወር ኪራዩን ማካፈል ያለብዎት ለተጣራው ካሬ ነው፤ በካሬ ርካሽ የተባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይገለበጣል። ኮለኑ ከመግቢያው መስታወት ጀርባ ከቆመ ደግሞ ካሬው ቢበዛም አላፊው ዕቃዎን አያይም።

ከባድ ዕቃ የሚሸጡ ከሆነ ወለሉ ስንት ኪሎ እንዲሸከም እንደተሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሱቅ ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የተደረደረ ሴራሚክ በካሬ ወደ 2 ቶን ይጠጋል! ከሥሩ ቤዝመንት በሌለው ሕንፃ ምድር ላይ ያለ ሱቅ በዚህ በኩል ይሻላል።

አዲስ ሕንፃ ውስጥ የሚረሳው እርጥበት ነው። ኮንክሪት በ28 ቀን ጥንካሬውን ቢይዝም ለመድረቅ ወራት ይፈጅበታል፤ ቪኒል ወይም እንጨት ቀድሞ ከተነጠፈበት ይነሳል፣ ያብጣል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና በማግስቱ ያንሱት። ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ንጣፉ ይቆይ።

የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የግንበኛ ሲሚንቶና አሸዋ መቅረቱ የተለመደ ነው። 20 ሊትር ውኃ ባንዴ ይልቀቁና ይቁሙ፤ ተንደቅድቆ ወደ ላይ ከተመለሰ ተዘግቷል። ማስጠረጉ ከመግባትዎ በፊት የአከራዩ ሥራ ነው፣ ከገቡ በኋላ ግን «አንተ ነህ የዘጋኸው» ይባላል።

መብራቱን በቁጥር ይጠይቁ። ባለ 32 አምፒር ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር ኃይል) በ220 ቮልት ወደ 7 ኪሎ ዋት ነው። 6 ኪሎ ዋት ምድጃ ላይ ማቀዝቀዣና መብራት ሲጨመር ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል፤ ምግብ ቤት ወይም ዳቦ ቤት የሚያስብ ሰው ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኃይል) ይጠይቅ። ጭስ ማውጫው እስከ ጣሪያ መድረሱንም በዓይኑ ይይ፣ ፕላኑ ላይ መሳሉ አይበቃም።

ውሉ ላይ የኪራዩ መጀመሪያ በቀን መቁጠሪያ ብቻ እንዳይጻፍ። «ውኃ፣ መብራትና የመጠቀሚያ ፈቃድ ተሟልቶ ቁልፍ ከተረከብኩበት ቀን» ይባል፤ ሕንፃው ሲዘገይ በባዶ ሱቅ የሚከፍል ተከራይ የሚገኘው ይህ ሐረግ ሲጎድል ነው። የጋራ አገልግሎት ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት በዝርዝር ያስጽፉ፤ ሱቁን የሚያዘጋጁበት የማስዋቢያ ጊዜ ከኪራይ ነፃ ከሆነም የቀኑ ብዛት ይግባ። የቆጣሪውን ንባብ ቁልፍ በተረከቡበት ዕለት ፎቶ ያንሱ።