ሊኒየር አልጀብራን ከነፕሩፉ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ማትሪክስ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ረድፍ ከረድፍ ቀንሼ፣ ዲተርሚናንት አውጥቼ፣ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ አመሳክሬ በጊዜ እተኛ ነበር። ፕሩፍ (ማረጋገጫ) የሚጠይቀው ሊኒየር አልጀብራ ሲመጣ ግን፣ በመጀመሪያው ሚድ ወረቀት ላይ ያየሁት ቁጥር የጥያቄዎቹ ተራ ቁጥር ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «አረጋግጡ» ነው። የባሕር ዳር ሚያዝያ በራሱ ያልባል፤ የዚያን ቀን ላቤ ግን ከሙቀቱ አልነበረም።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ወረቀትና እስክሪብቶ። እርሳስና ላጲስ አልመክርም፤ የተሳሳታችሁት መስመር ተሰርዞም ቢሆን መታየት አለበት። ሰሌዳ በስልክ ፎቶ ማንሳትም አልወድም። እኔ ጋ 200 ገደማ ፎቶ ነበር፣ አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም። በቴሌግራም የሚዞረው የተሠራ መልስም ያው ነው። ስታነቡት ሁሉም ግልጽ ነው፤ ወረቀቱን ስትገለብጡት ባዶ።

መጀመሪያ ትርጉሞቹን ቸክሉ። አዎ፣ ቸክሉ። ቸከላ ለፕሩፍ አይሠራም ይባላል፣ እውነት ነው። ትርጉም ግን ቃል በቃል መያዝ አለበት። ቬክተር ስፔስ፣ ሰብስፔስ፣ ስፓን፣ ቤዚስ (ስፔሱን ለመሥራት የሚበቁ፣ ትርፍ የሌለባቸው ቬክተሮች)፣ ከርነል። «ገብቶኛል እኮ፣ መግለጽ ብቻ ነው ያቃተኝ» የምትሉ ከሆነ አልገባችሁም።

ሊኒየርሊ ኢንዲፔንደንት የሚለው ላይ ግን ቆዩ። እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ቬክተሮች ኢንዲፔንደንት የሚባሉት፣ በየኮፊሸንታቸው (በየፊታቸው በሚቆመው ቁጥር) ተባዝተው ሲደመሩ ዜሮ የሚሰጡት ኮፊሸንቶቹ ሁሉም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ከሆነ ነው። እኔ «ብቻ» የምትለዋን ጥያት ገባሁ።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ደ፣ ገ እና ጠ ኢንዲፔንደንት ከሆኑ፣ ደ+ገ፣ ገ+ጠ እና ጠ+ደም ኢንዲፔንደንት መሆናቸውን አረጋግጡ። እኔ ምን ጻፍኩ? «ሦስቱም በዜሮ ተባዝተው ሲደመሩ ዜሮ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ኢንዲፔንደንት ናቸው።» ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከ10 ያገኘሁት 1 ነው፤ እሷም ስሜን በትክክል ስለጻፍኩ መሆን አለበት። የትኛውም ቬክተር በዜሮ ቢባዛ ዜሮ ነው። የጻፍኩት ለማንኛውም ቬክተር ይሠራል፣ ስለዚህ ስለ እነዚህ ሦስቱ ምንም አላልኩም።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። ወረቀቱ አናት ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ አንዱ የተሰጠኝ፣ ሌላው የምፈልገው። ሁለቱም በትርጉማቸው ይዘረዘራሉ። የምጀምረው ከተሰጠኝ ሳይሆን ከምፈልገው ነው። ድምሩ ዜሮ ነው እላለሁ፣ ኮፊሸንቶቹን ግን አላውቃቸውም። ቀ፣ ተ እና ነ ልበላቸው።

ቀ(ደ+ገ) + ተ(ገ+ጠ) + ነ(ጠ+ደ) = 0

ቬክተሮቹን በየወገናቸው እሰበስባለሁ።

(ቀ+ነ)ደ + (ቀ+ተ)ገ + (ተ+ነ)ጠ = 0

የተሰጠኝ ሥራ የሚያገኘው ገና አሁን ነው። ደ፣ ገ እና ጠ ኢንዲፔንደንት ስለሆኑ ሦስቱም ቅንፎች ዜሮ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅንፎች፣ ነ እና ተ ሁለቱም ከ−ቀ ጋር እኩል ናቸው። ሦስተኛው ውስጥ ስናስገባቸው −2ቀ = 0 ይመጣል። በ2 ስናካፍል ቀ ዜሮ ነው፤ ተ እና ነም ተከትለው ዜሮ። አለቀ።

አላለቀም እንጂ! «በ2 ስናካፍል» ያልኳትን ተመልከቱ። ቁጥሮቹ ሪል ከሆኑ ችግር የለም። ፊልዱ (ኮፊሸንቶቹ የሚመጡበት የቁጥር ስብስብ) 0 እና 1 ብቻ ያሉበት፣ 1+1 = 0 የሆነበት ከሆነ ግን 2 ማለት ዜሮ ነው፣ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። እዚያ ሦስቱን ድምሮች እንዲሁ ብትደምሯቸው እያንዳንዱ ቬክተር ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ዜሮ ይወጣል። ዲፔንደንት ሆኑ ማለት ነው። ጠንከር ያለ ኮርስ የሚሰጥ መምህር ይህችን ጥግ ይወዳታል።

በየቲዎረሙ ይህንኑ አድርጉ፦ ቅድመ ሁኔታውን አንሱና ምን እንደሚፈርስ እዩ። ለምሳሌ ዳይሜንሽኑ (የቤዚሱ ቬክተሮች ብዛት) ውሱን በሆነ ስፔስ፣ ከራሱ ወደ ራሱ የሚሄድ ዋን ቱ ዋን (ሁለቱን አንድ ቦታ የማይልክ) ሊኒየር ማፕ ኦንቱም (ምንም ቦታ ባዶ የማይተው) ነው። «ውሱን» የሚለውን አንሱት። መጨረሻ የሌለው የባጃጅ ሰልፍ አስቡ። ሁሉም አንድ ቦታ ወደ ኋላ ቢል ማንም ከማንም ጋር አይደራረብም፤ የፊተኛው ቦታ ግን ባዶ ይቀራል። ማለቂያ የሌለውን የቁጥር ዝርዝር አንድ ቦታ ወደ ኋላ የሚገፋው ማፕም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ሃንዳውቱን ዝጉ። ይህን የተማርኩት ወድጄ አይደለም። አንድ ማታ ዶርም ውስጥ መብራት ጠፋ፣ ስልኬም ቻርጅ አልነበረውም። ጎኔ የሚተኛው የታሪክ ተማሪ «እስቲ ምን ስታነብ ነበር? ንገረኝ» አለኝ። የአንድ ስፔስ ቤዚሶች ሁሉ እኩል ብዛት ያላቸው ቬክተሮች የሚይዙት ለምን እንደሆነ ላስረዳው ጀመርኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ለምን?» አለኝ። ዝም አልኩ። ልጁ የጎጃም ነው፣ ቅኔ ቤትም ቆይቷል። «እኛ ጋ ተማሪው ብቻውን ወጥቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል። የመምህሩን ቅኔ መልሶ ቢያነበንብለት ማን ይሰማዋል?» አለኝ። ተናደድኩበት። በነጋታው ግን ባዶ ወረቀት ይዤ ጣና ዳር ወረድኩ። በጠዋት ሂዱ፤ ሲመሽ ቢምቢው አያስቀምጥም።

በባዶ ወረቀት የሚሠሩት ብዙ አይደሉም። አሁን ያልኩት የቤዚስ ብዛት፣ የከርነልና የሬንጅ ዳይሜንሽን ድምር፣ የተለያዩ አይገን ቫልዩዎች አይገን ቬክተሮች ኢንዲፔንደንት መሆን። እነዚህን ሦስቱን ሳታዩ መጻፍ ከቻላችሁ ሌላው ቀለል ይላል።

ፋይናል ላይ ያቺው ጥያቄ በ4 ቬክተር ተመልሳ መጣች። ደ+ገ፣ ገ+ጠ፣ ጠ+ጸ፣ ጸ+ደ፣ ሪል ቁጥሮች ላይ፣ «አረጋግጡ ወይም አፍርሱ» ትላለች። ሞክሯት። እኔ ግማሽ ገጽ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው ሁሉንም የሰረዝኩት።